ሳሩን አታየውም?

ፎቶዋ መዳፍ አትሞላም። ጠርዟ ተበልቷል፤ አንዱ ጥግ ላይ የቡና ጠብታ ደርቆባታል። መሃሏ ላይ አንድ ኤፍ-5 ተዋጊ ጄት ቆሟል፤ አፍንጫው ወደ ግራ ነው። ከክንፉ ሥር አንድ ቀጭን ወጣት እጁን አጣምሮ ካሜራውን ያያል። ያ ወጣት ዛሬ ፀጉራቸው የሸበተ አዛውንት ናቸው። ቢሾፍቱ ውስጥ ከእናቴ ቤት ሦስተኛው በር ላይ ይኖራሉ። በወጣትነታቸው የአየር ኃይል ቴክኒሺያን ነበሩ። ሠፈሩ ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው፤ እኔም እንደዚያው።

በዚህች ፎቶ ላይ አራት ወር ሠርቻለሁ። ማታ ማታ፣ ከሥራ በኋላ፣ ልጆቹ ከተኙ ወዲያ። የምሠራው ነገር ስኪን ይባላል። ለማያውቀው ላስረዳ።

በረራን በኮምፒውተር የሚያስመስል ፕሮግራም አለ፤ የበረራ ሲሙሌተር ይባላል። እዚያ ውስጥ ያለ አውሮፕላን መጀመሪያ ባዶ ቅርጽ ነው። ቀለሙ፣ ቁጥሩ፣ ዓርማው፣ ጭረቱ፣ የዘይት ነጠብጣቡ ሁሉ ሌላ ቦታ በጠፍጣፋ ሥዕል ላይ ይሠራል። ከዚያ ሥዕሉ ቅርጹን ይለብሳል። ቆዳ ፋቂ የበግ ቆዳ ወጥሮ ፀሐይ ላይ ሲያሰጣ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ልክ እንደዚያ ነው የሚመስለው። ክንፉ አንድ ጥግ፣ ጅራቱ ሌላ ጥግ፣ አፍንጫው ለሁለት ተሰንጥቆ ተዘርግቷል። አንድ መስመር ከክንፉ ወደ አካሉ እንዲያልፍ ከፈለግህ በሥዕሉ ላይ ሁለት የተራራቁ ቦታዎች ላይ ለክተህ ትሥላለህ። አንዲት ነጥብ ከሳትክ መስመሩ ይሰበራል።

ሥዕሉ ግን ከሥራው ትንሹ ነው። ትልቁ ሥራ ማወቅ ነው። አውሮፕላኑ ምን ቀለም ነበር?

እኔ ቢሾፍቱ ነው ያደግሁት፤ ያኔ ደብረ ዘይት ነበር የምንለው። ከአዲስ አበባ አርባ ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ። ሐረር ሜዳ የሚባለው የአየር ኃይል ቤዝ እዚያው ነው። ሆራ ሐይቅ ዳር ቁጭ ብለን ጄት ሲያልፍ ድምፁን ሰምተን ብቻ ዓይነቱን እንለይ ነበር። ክፍል ውስጥ መስኮቱ ሲንቀጠቀጥ መምህሩ ንግግሩን ያቆማል፤ እኛም እንቆማለን፤ ድምፁ ሲርቅ ትምህርቱ ካቆመበት ይቀጥላል። ስለዚህ ከጥቂት ዓመታት በፊት ዲሲኤስ የሚባለውን ሲሙሌተር ስከፍትና ኤፍ-5ኢን፣ ኤፍ-86 ሴበርን፣ ሚግ-21ን አንድ ላይ ሳይ ልቤ ዘለለ። ሦስቱም ከእኛ ሰማይ ጋር ታሪክ አላቸው። ኤፍ-5ኢው የኢትዮጵያን ቀለም ለብሶ እንዲነሳ ፈለግሁ። የዚያን ዘመን ቀለም፤ ትክክለኛውን።

እና ከጋሼ ፎቶዋን ተዋስኩ።

አጀማመሬ ቀላል ነበር። ፎቶዋን ስካን አደረግሁ። የሥዕል ፕሮግራሙን ቀለም መምጠጫ አውሮፕላኑ ላይ አሳርፌ ቀለሞቹን ወሰድኩ። አሸዋማው ቦታ አሸዋማ ወጣ። ጥቁር አረንጓዴ ይሆናል ብዬ የጠበቅሁት ቦታ ግን ቀላ ያለ ቡናማ ሆነ። ደጋግሜ ሞከርኩ፤ ያው ነው። ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ማንም ያላወቀውን ነገር ያገኘሁ መሰለኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ያንን ቡናማ ይዤ ክንፉን ሠራሁ፤ ጅራቱን ሠራሁ፤ ጥላውን አስተካከልኩ። ቅዳሜ ላፕቶፔን ይዤ ወደ ጋሼ ቤት ሄድኩ።

በረንዳ ላይ ነበሩ። መነጽራቸውን አደረጉ። ስክሪኑን ወደ ጥላው አዞርኩላቸው። ብዙ ጊዜ ዝም ብለው አዩ።

«ይሄ የማን አውሮፕላን ነው?» አሉኝ።

«የእናንተ ነው እኮ ጋሼ። ከፎቶዎ ላይ ነው የወሰድኩት።»

«እንዲህ ያለ አውሮፕላን አልነበረንም።»

ፎቶዋን አወጣሁና አሳየኋቸው። ይኸው፣ ቡናማ ነው አልኳቸው። ፎቶዋን ተቀብለው ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። ከዚያ በጥፍራቸው ጫፍ አንድ ቦታ ነኩ። ከጎማው ኋላ፣ ከማኮብኮቢያው ዳር።

«ልጄ፣ ይሄ ክረምት ነው። ቦቲ ጫማ አድርጌያለሁ፣ ይታይሃል? የ69 ክረምት ነው። ሳሩን አታየውም?»

አየሁት። ሳሩ ቡናማ ነው። ልክ አውሮፕላኑ ላይ እንዳለው ቡናማ። ቢሾፍቱ በሐምሌ፣ ዝናብ በዝናብ ላይ በሚወርድበት ወር፣ ሳሩ ቡናማ ሆኗል። ከላይ ያለው ደመና ሮዝ መስሏል። የጎማው ጥቁር እንኳ ወደ ቀይ ሄዷል። ሁለት ሳምንት ሙሉ አውሮፕላኑን ብቻ ሳይ ሳሩን አላየሁም ነበር።

ነገሩ የታወቀ ነው፤ እኔ ነበርኩ ያልደረስኩበት። የዚያን ዘመን ባለ ቀለም ፎቶ ወረቀት ላይ ሦስት ማቅለሚያዎች ተደራርበዋል፦ ቢጫ፣ ሐምራዊ ቀይ እና ውሃ ሰማያዊ። ሦስቱ እኩል አያረጁም። አልበም ውስጥ በጨለማ የተቀመጠ የእ.ኤ.አ. 1970ዎቹ ፎቶ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ሰማያዊውን ነው የሚያጣው። ሰማያዊው ሲሄድ ቀዩ ይገናል። ፊት ይቀላል፣ ደመና ይቀላል፣ አረንጓዴ ወደ ቡናማ ይዞራል። የወላጆቻችሁን የሠርግ አልበም አውጥታችሁ እዩ፤ ምናልባት ያ ሁሉ ቅላት የስቱዲዮው መብራት ላይሆን ይችላል። (በዚህ ነገር ኮዳክሮም የሚባለው ፊልም ይመሰገናል። እ.ኤ.አ. በ1935 ነው የወጣው። ጨለማ ውስጥ በደንብ ከተቀመጠ ቀለሙ ለአሥርት ዓመታት ብዙም አይነቃነቅም። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት አውሮፕላኖች ላይ የሚሠሩ ሰዎች የኮዳክሮም ስላይድ ሲያገኙ ወርቅ እንዳገኙ የሚሆኑት ለዚህ ነው።)

ያን ቀን ማታ ሁለት ሳምንት የለፋሁበትን አጠፋሁ። ከፎቶዋ ጀመርኩ። ደመናው ግራጫ ነጭ እስኪሆን፣ ጎማው ጥቁር እስኪሆን፣ ሳሩ የሐምሌ ሳር እስኪመስል ቀለሙን መለስኩ። ሳሩ ሲመለስ አውሮፕላኑም አብሮት ተመለሰ። በቡናማው ውስጥ ተደብቆ የነበረው አረንጓዴ ቀስ ብሎ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ፎቶ የማይበት ዓይኔ ተለወጠ። አሁን መጀመሪያ የማየው አውሮፕላኑን ሳይሆን ዙሪያውን ነው። ሳር፣ የሰው ቆዳ፣ ሸሚዝ፣ ጎማ፣ ደመና። ቀለሙን የማውቀው ነገር ካለ እሱ ስለማላውቀው ይመሰክርልኛል።

ጥቁርና ነጭ ፎቶ ሌላ ዓለም ነው። ለእኛ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ዓርማችን ላይ ያሉት ቀለሞች አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ናቸው። በጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ ሦስቱ ሦስት ግራጫ ይሆናሉ። የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚወስነው ፊልሙ ነው። አንዱ የፊልም ዓይነት፣ ኦርቶክሮማቲክ የሚባለው፣ ቀይ ብርሃን አያይም። ቀይ በእሱ ላይ ጥቁር ሆኖ ይወጣል፤ ቢጫውም ይጠቁራል። ሌላው፣ ፓንክሮማቲኩ፣ ሁሉንም ያያል። እዚያ ላይ ቢጫው ከሁሉም ደምቆ ይታያል፤ አረንጓዴውና ቀዩ ግን ሊመሳሰሉ ይችላሉ። ስለዚህ የድሮ ፎቶ ላይ ባንዲራ ሳይ ቀለሙን ለማወቅ አይደለም የማየው፤ ቀለሙንማ ማን ያጣዋል? የማየው ፊልሙን ለማወቅ ነው። ቢጫው ብሩህ ከሆነ ፓንክሮማቲክ ነው። ያንን ካወቅሁ በዚያው ፎቶ ላይ ስላሉት ሌሎች ግራጫዎች ማሰብ እችላለሁ። ባንዲራው ቁልፍ ሆነኝ ማለት ነው። ይህን ያወቅሁ ዕለት ለብቻዬ ክፍሉ ውስጥ ቆሜ አጨበጨብኩ።

የቀለም ቁጥርም አለ። አሜሪካኖች ፌዴራል ስታንዳርድ 595 የሚሉት ዝርዝር ነበራቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1956 ነው የወጣው። እያንዳንዱ ቀለም አምስት አሃዝ አለው። የመጀመሪያው አሃዝ ማብረቁን ይነግርሃል፦ 1 ያብረቀርቃል፣ 2 በከፊል፣ 3 ደብዛዛ ነው። ሁለተኛው ቤተሰቡን ይነግርሃል፦ 0 ቡናማ፣ 4 አረንጓዴ፣ 5 ሰማያዊ፣ 6 ግራጫ። ቬትናም ላይ የነበሩት የአሜሪካ ጄቶች የለበሱት ጥቁር አረንጓዴ 34079 ነው። አሁን ማንበብ ትችላላችሁ፦ ደብዛዛ፣ አረንጓዴ። አሸዋማው 30219 ነው፤ ደብዛዛ፣ ቡናማ። ይህን ቋንቋ እወደዋለሁ። አንድ ቁጥር አይተህ ቀለሙ በዓይነ ሕሊናህ ይመጣል።

ግን ቁጥሩ የፋብሪካ ቀለም ነው። ከቆርቆሮው የወጣበት ቀን ቀለም። እዚህ ላይ ነው ከብዙ ስኪን ሠሪዎች ጋር የማልስማማው። ቁጥሩን ያገኛሉ፣ ቁጥሩን ይቀባሉ፣ ጨረስን ይላሉ። አውሮፕላን ግን ውጭ ነው የሚያድረው። ቢሾፍቱ ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ነው። ከፍ ባለ ቦታ ፀሐይ ቀለም ትበላለች። ደብዛዛ ቀለም በፀሐይ ሲቆይ ይነጣል፤ በእጅ ሲነኩት ዱቄት ይለቃል። ሆዱ ሥር ያለው ቀለም ጥላ ውስጥ ስለሆነ እንዳለ ይቆያል። ስለዚህ አንድ አውሮፕላን ላይ ያው አረንጓዴ ከላይ ሌላ፣ ከጎን ሌላ ነው።

ደግሞም ቀለም ያልቃል። ይህ የሚረሳ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1941 የእንግሊዝ አየር ኃይል የተዋጊዎቹን ቡናማ በግራጫ እንዲቀይሩ ሲያዝ አዲሱ ግራጫ ለሁሉም አልደረሰም። ስለዚህ ቀላቅሉ ተባለ፦ ሰባት እጅ መካከለኛ ግራጫ፣ አንድ እጅ ጥቁር። እስቲ አስቡት። በየአየር ማረፊያው አንድ ሰው ባልዲ ይዞ፣ በቆርቆሮ እየሰፈረ፣ በእንጨት ያማስላል። ሰባት ለአንድ። የአንዱ ቆርቆሮ ጢም ያለ ነው፣ የሌላው ጎደል ያለ። የዚያ ዘመን የእንግሊዝ ተዋጊ፣ የስፒትፋየር፣ «ትክክለኛ» ግራጫ የቱ ነው? የእያንዳንዱ ባልዲ ግራጫ ትክክለኛ ነው።

ይህን ለጋሼ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኛም ያለውን ነው የምንቀባው። መጋዘን ያለውን። ከጎኑ ካለው ጋር ትንሽ ሲለያይ ከሩቅ አይታይም ይባላል። ከቅርብ ግን ይታያል። እኔ ይታየኝ ነበር።»

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የኖርማንዲ ወረራ ላይም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1944 የተባበሩት ኃይሎች አውሮፕላኖች ክንፍና አካላቸው ላይ ጥቁርና ነጭ መስመር ተቀቡ፤ ሦስት ነጭ፣ ሁለት ጥቁር። ባለ አንድ ሞተር ተዋጊ ላይ እያንዳንዱ መስመር 18 ኢንች፣ ባለ ሁለት ሞተሮች ላይ 24 ኢንች። ምክንያቱ የሲሲሊ ሐዘን ነው። ከዚያ በፊት ባለው ዓመት ሲሲሊ ላይ በአንድ ሌሊት 23 ማመላለሻ አውሮፕላኖች በራሳቸው ወገን ተኩስ ወድቀው ነበር። ምሥጢር እንዳይወጣ ትእዛዙ የመጣው በመጨረሻው ሰዓት ነው። ብሩሽ ያለው በብሩሽ፣ የሌለው በመጥረጊያ ቀባ። ፎቶዎቹን አስጠግታችሁ ብታዩ መስመሩ ይንቀጠቀጣል፤ ነጩ ላይ የብሩሽ ፀጉር መንገድ ይታያል። በሲሙሌተር ግን ብዙ ጊዜ በማስመሪያ የተሰመረ ነው የሚመስለው። እኔ ያንን ቀጥ ያለ መስመር ሳይ አንድ ሰው ከታሪኩ የተሰረዘ ይመስለኛል። በዚያ ሌሊት መጥረጊያ ይዞ የቆመው ሰው።

ስለ ሴበሩ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1960 ኤፍ-86 ሴበር ተረከበች። በዓመቱ ከሴበሮቹ የተወሰኑት በተባበሩት መንግሥታት ሥር ኮንጎ ሄዱ፤ ከስዊድን ጄቶችና ከሕንድ ካንቤራ ቦምብ ጣዮች ጋር ተሰልፈዋል። ከዚያም በፊት የቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ሲዋጋ ከላይ የሚያልፉት የአሜሪካ ሴበሮች ነበሩ። እነሱ ክንፋቸውና አካላቸው ላይ በጥቁር የታጠረ ሰፊ ቢጫ መቀነት ነበራቸው። ጌጥ አልነበረም። ሴበርም የጠላት ወገኑ ሚግ-15ም ክንፋቸው ወደ ኋላ ያዘነበለ ነው፤ በዚያ ፍጥነት ሲተያዩ ወገንና ጠላትን ለመለየት አንድ ሰከንድ እንኳ አይገኝም።

ሴበር በአብዛኛው አይቀባም ነበር። እርቃኑን አልሙኒየም ነው። ቀለም የለውም ማለት ሥራ የለውም ማለት ይመስላል። በተቃራኒው ነው! ያልተቀባ ብረት ከሁሉም ይከብዳል። አንዱ ሳህን ከሌላው በብሩህነት ይለያል፣ ምክንያቱም ቅይጡና ውፍረቱ አንድ አይደለም። ጭራው አካባቢ የሞተሩ ሙቀት ብረቱን ወደ ቡናማና ሰማያዊ ይቀይረዋል፤ ምጣድ ላይ እንደሚታየው ዓይነት። በሲሙሌተሩ ውስጥ ይህን የሚሠራው ሁለተኛ ሥዕል ነው። እሱ ላይ የምትቀባው ቀለም ዓይን የሚያየው ቀለም አይደለም። አረንጓዴው የብረቱን ሸካራነት፣ ሰማያዊው ብረትነቱን፣ ቀዩ በየስንጥቁ የሚያርፈውን ጥላ ነው የሚነግረው። አረንጓዴውን ትንሽ ስትጨምር ብረቱ ይደበዝዛል፤ ስትቀንስ እንደ ታጠበ ብርጭቆ ያበራል። አንድ የበር ሳህን ላይ ብቻ ሦስት ማታ ያደርኩበት ጊዜ አለ። ጠዋት ፀሐይ ከምሥራቅ ስትመጣ ያ ሳህን ከጎኑ ካለው አንድ እጅ ቀድሞ ሲያበራ ሳይ ግን ድካሜን ረሳሁት።

አንድ ጊዜ ሲሙሌተር ላይ ከሰዎች ጋር ሆኜ ስበር ጓደኛዬ የጣሊያን ስኪን እንድሠራለት ለመነኝ። ፊያት ሲአር-42፤ ባለ ድርብ ክንፉ። 412ኛው ስኳድሮን፣ እ.ኤ.አ. 1940፣ ከኤርትራ የሚነሳው። ዓርማው በጥቁር የአፍሪካ ካርታ ላይ የቆመ ቀይ ፈረስ ነው። ማሪዮ ቪሲንቲኒ የሚባለው ስመ ጥር አብራሪያቸው በዚያ ስኳድሮን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1941 ነፋሲት አጠገብ ከቢዘን ተራራ ጋር ተጋጭቶ ሞተ።

ፋይሉን ከፈትኩ። ካርታውን መሣል ጀመርኩ። ጥቁር አፍሪካ፣ ላይዋ ላይ የሚረግጥ ፈረስ። እጄ ቆመ። አያቴ የወሎ ልጅ ነበረች። በማይጨው ዘመን ልጅ ነበረች። እስክትሞት ድረስ አውሮፕላን ሲያልፍ ነጠላዋን ወደ አፍና አፍንጫዋ ትስብ ነበር። ምን እያደረግሽ ነው ብሎ የሚጠይቃት አልነበረም፤ ሁላችንም እናውቃለን። ጣሊያን በዚያ ጦርነት ከአውሮፕላን የመርዝ ጋዝ አዝንቧል።

አንድ ሳምንት አልነካሁትም። ከዚያ ተመለስኩና ሠራሁት። በትክክል ሠራሁት፤ ፈረሱንም፣ ካርታውንም። አያቴ የሸሸችውን ነገር መልኩን ላደበዝዘው አልፈለግሁም። የሚያይ ሰው ያ ፈረስ ምን ላይ እንደቆመ ይይ።

ወደ ጋሼ ልመለስ።

ሳሩ ከተመለሰ በኋላ አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ የትኛው ቀን? አውሮፕላን ለአሥርት ዓመታት የሚለብሰው አንድ ቀለም የለውም። ያለው ቀን ነው። አዲስ የተቀባ ቀን፣ ከዝናብ የገባ ቀን፣ የተጠጋገነ ቀን። ስኪን ስትሠራ አንዱን ቀን ትመርጣለህ፤ ሳትመርጥ ከሠራህ ማንም ያላየውን አውሮፕላን ትሠራለህ። የእኔን ቀን ፎቶዋ መርጣልኛለች፦ ክረምት፣ 1969 ዓ.ም.፣ ቢሾፍቱ። የሶማሊያ ጦር ኦጋዴን የገባበት ክረምት። ኤፍ-5ዎቹ ከሚጎች ጋር የተገናኙበት። ጄኔራል ለገሠ ተፈራ በዚያ ጦርነት ኤፍ-5 ያበሩ ነበር፤ ሚጎችን ጥለዋል፤ በኋላም ተይዘው 11 ዓመት ያህል በሶማሊያ እስር ቤት አሳልፈዋል። ስማቸውን የምናውቃቸው አብራሪዎች አሉ። የጋሼ ስም ግን የትም አልተጻፈም። ከጎማ ሥር የተኙት፣ በዝናብ ነዳጅ የሞሉት፣ ሌሊት በባትሪ ብርሃን ብሎን የፈቱት ሰዎች ስም የትም የለም።

ባለፈው ቅዳሜ አዲሱን ይዤ ሄድኩ። አረንጓዴው አረንጓዴ ነው። አሸዋማው ከላይ ነጣ ብሏል። የጎማው ጉድጓድ አካባቢ የጭቃ ፍንጣቂ አለ። እትዬ ሻይ አመጡልን። ጋሼ መነጽራቸውን አደረጉ።

«እህ» አሉ። ከዚያ ቀረብ አሉ። «አፍንጫውን አዙርልኝ።»

አዞርኩት። ኤፍ-5ኢ አፍንጫው ላይ፣ ከላይ በኩል፣ ሁለት 20 ሚሊ ሜትር መትረየሶች አሉት።

«ከበረራ የገባ ነው አላልከኝም? ታዲያ ጥላሸቱ የት አለ? ተኩሶ የመጣ አውሮፕላን አፍንጫው ይታወቃል። ከዚህ እስከዚህ ይጠቁራል። እኛ ገና ሳያርፍ አፍንጫውን ነበር የምናየው። ጥቁር ከሆነ ተዋግቷል ማለት ነው። አብራሪው ሳይወርድ እናውቃለን።»

ጥላሸቱን እዚያው ቁጭ ብዬ ጨመርኩት። እሳቸው እጃቸውን ስክሪኑ ላይ እያስኬዱ፣ እኔ እየተከተልኩ። ይብቃ ሲሉኝ አቆምኩ። ትንሽ ጨምር ሲሉኝ ጨመርኩ።

ከዚያ ክንፉ ከአካሉ የሚገናኝበትን ቦታ እንዳስጠጋላቸው ጠየቁኝ። አስጠጋሁት። ጥሩ አረንጓዴ፣ ያለ እንከን።

«እዚህ ቀለም አልነበረም» አሉ።

«ለምን?»

«እኔ ነኝ የጨረስኩት። እዚህ ረግጬ ነው የምወጣው። ጠዋትም ማታም። በቦቲው።» ጫማቸውን ያዩ ይመስል ወደታች አዩ። «ብረቱ ወጥቶ ነበር። ያበራ ነበር።»

«በየትኛው እግርዎ ነበር የሚረግጡት ጋሼ?»

ትንሽ አሰቡ። ተነሡ። በረንዳው ላይ ያለችውን ደረጃ ይዘው፣ አንድ እጃቸውን የማይታይ ነገር ላይ አሳርፈው፣ ቀኝ እግራቸውን አነሡ።

«በቀኙ።»

አረንጓዴውን ፋቅሁት። በአንድ ጊዜ ሳይሆን በስሱ፣ በስሱ፣ ጫማ በየቀኑ እንደሚፍቀው። ሥሩ ያለው ብረት እየወጣ መጣ። ዳሩ ላይ ትንሽ ጭቃ አደረግሁ። ፀሐዩን ወደ ጠዋት መለስኩት፤ የተፋቀችው ቦታ አበራች።

ጋሼ ወንበራቸውን ወደ ስክሪኑ ሳቡና ዞር ብለው ወደ ቤት ተጣሩ፦ «እሜቴ! ነይ እስቲ፣ ነይ እዪልኝ።»